ከመደምሰስ በፊት ጠይቅ

አንባቢ ሆይ! «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተኸዋል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገርበት ጉዳይ ግን ከዚያም የሚብስ ነው። የፈሰሰ እህል ከአፈር ጋር ተቀላቅሎም ቢሆን ይለቀማል፤ ከስልክ ወይም ከኮምፒዩተር የተደመሰሰ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለቀም ፍሬ አይገኝለትም።

ነገሩ እንደዚህ ይጀምራል። ማታ ስልክህን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ትተኛለህ። ሌሊት ስልኩ ሲስተሙን አፕዴት ሲያደርግ ያድርና ጧት አዲስ መልክ ይዞ ይጠብቅሃል። አንተም ደስ ይልሃል። ከዚያ በኋላ ትናንት ስትሠራበት ያመሸኸውን አፕ ትነካለህ፤ ብልጭ ይልና ይዘጋል። ደግመህ ትነካለህ፤ አሁንም ይዘጋል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ያገኘውን ሁሉ እየነካካ ነገሩን ያወሳስበዋል፣ ወይ ስልኩን ይዞ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። ቁጭ ብሎ «ምን ተለወጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ወሎ ሰፈርን ሲያጥበው በዋለበት ቀን ማታ፣ አንድ ወጣት ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። ይህ ወጣት ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪ ባለሙያነት ይሠራል፣ ማታ ደግሞ ይማራል። ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠው ርእስ የሰፈራችን የቀድሞ ኑሮ ነው። የዛሬዎቹ ፎቆች ሳይሠሩ እዚህ የነበሩትን አዛውንቶች እየዞረ ሲያነጋግር ከርሞ፣ የአሥራ አራት ሰዎች ቃል በስልኩ ቀድቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ጥቂት ብር ያበድሩኝ» አለኝ ገና ከደጅ ሳይገባ።

«ለምን ጉዳይ?» አልሁት።

«ስልኬ ትናንት ሌሊት አፕዴት አደረገ። ከዚያ ወዲህ የድምፅ መቅጃው እየተዘጋ አስቸገረኝ። ለአንድ ጠጋኝ ባሳየው ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም አለኝ።»

«በውስጡ ያለውስ ድምፅ?»

«እሱማ ይጠፋል አለ» ብሎ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ይህን ስሰማ ደነገጥሁ፤ በዚሁ መንገድ እኔም አስቀድሜ ሄጄበታለሁና። አባቴ በሕይወት ሳሉ፣ ደሴ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ፣ የትውልዳችንን ሐረግ እስከ ሰባት ቤት እየቆጠሩ ሲነግሩኝ በስልኬ ቀድቼ ነበር። ካረፉ ከስድስት ወር በኋላ ስልኬ አፕዴት አደረገና ያ ድምፅ ያለበት አፕ አልከፈት አለኝ። ወደ አንድ ሱቅ ወሰድሁት። ባለሱቁ ስልኩን አገላብጦ አየና «ሲስተሙ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የጥያቄውን ክብደት ሳልመዝን «ይደረግ» አልሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩ እንደ አዲስ ሆኖ ተመለሰልኝ፤ አፑም ተከፈተ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነበር። ባለሱቁን አልወቅስም፤ እሱ ጠይቆኛል፤ እሺ ያልሁት እኔ ነኝ። ከሳምንት በኋላ ግን የእኔን ዓይነት ስልክ የያዘ የሥራ ባልደረባዬ፣ የአፑን አዲስ ቅጂ ከፕሌይ ስቶር በማውረድ ብቻ እንደ ከፈተው ነገረኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የሰባተኛውን አያቴን ስም ዛሬ የሚነግረኝ ሰው የለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መድኃኒቱን ከመፈለጋችን በፊት በሽታውን እንወቅ። አፕ ብቻውን የሚኖር ነገር አይደለም። ድምፅ ልቅዳ ሲል ማይክሮፎኑን፣ ላስቀምጥ ሲል ማኅደሩን፣ ላሳይ ሲል ስክሪኑን የሚያገኘው በሲስተሙ ፈቃድ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት እንደሚሠራ ጸሐፊ ቁጠረው። ጸሐፊው ለዓመታት ደብዳቤውን በአንድ በኩል ሲያስመዘግብ፣ በሌላ በኩል ማኅተም ሲያስመታ ኖሯል። አንድ ቀን አዲስ ሰርኩላር ይወጣና መዝገብ ቤቱ ወደ ሌላ ፎቅ ይዛወራል፤ ለማኅተሙም ተጨማሪ ፊርማ ይጠየቃል። ሰርኩላሩን ያነበበው ጸሐፊ ሥራውን ይቀጥላል፤ ያላነበበው ግን በለመደው በር ሄዶ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። የሲስተም አፕዴት ማለት ያ ሰርኩላር ነው። አፑ ያልጠበቀው መልስ ሲመጣበት ወይም ያልተፈቀደለትን ሲነካ፣ ሌላውን እንዳያበላሽ ሲባል ሥራው እንዲቆም ይደረጋል። ስለዚህ አንድ ነገር ያዝልኝ፤ በሩ አልከፈት አለ ማለት ቤቱ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ያስቀመጥኸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በቦታው አለ። የሚጠፋው በአፑ መዘጋት ሳይሆን፣ ከመዘጋቱ በኋላ በችኮላ በምናደርገው ነገር ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ምን ያህል ትንሽ ሊሆን እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልንገርህ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ጧት፣ በእኛ ሰዓት 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በዊንዶውስ ውስጥ ጠልቆ ለሚሠራው የጥበቃ ፕሮግራሙ አንድ አነስተኛ አፕዴት ላከ። ስሕተቱ ታውቆ አፕዴቱ የተመለሰው ከ78 ደቂቃ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ፣ ማይክሮሶፍት በኋላ እንደ ገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ሰማያዊ ገጽ እያሳዩ ቆመው ነበር። በየአገሩ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ የሆስፒታልና የባንክ ሥራ ተስተጓጎለ። ምርመራው ሲያልቅ ምን ተገኘ? ቅጹ 21 መሙያ ቦታ እንዲኖረው ሆኖ ተዘጋጅቷል፤ የሚሞላው የፕሮግራሙ ክፍል ግን የሚያቀርበው 20 ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ የሌለውን ሃያ አንደኛ ሊያነብ ሲል ከክልሉ ወጣ፤ ዊንዶውስም አብሮት ወደቀ። ቀኑን ሙሉ ቅጽ ሲያስሞላ የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። «ብሩን አላበድርህም፤ ይልቅስ ተቀመጥ» አልሁትና ሻይ ቀረበ። እኔም ወረቀትና እርሳስ አወጣሁ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባል የለምን? ሐኪም በሽተኛውን መቼ ጀመረህ፣ የት ላይ ያምሃል፣ ምን በላህ እያለ እንደሚጠይቅ ሁሉ እኛም ስልኩን መጠየቅ ጀመርን።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ያለውን አዳንን። የስልኩን የፋይል ማኅደር ከፍተን ስንፈልግ፣ መቅጃው ቢዘጋም የቀዳቸው ድምፆች ለብቻቸው በአንድ ፎልደር ተቀምጠው አገኘናቸው። አሥራ አራቱንም በኬብል ወደ ኮምፒዩተሬ ገለበጥናቸው። ያን ጊዜ ወጣቱ በረጅሙ ተነፈሰ፤ የቀዘቀዘ ሻዩንም አነሣ።

ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ፤ «ምን ተለወጠ? መቼስ ተለወጠ?» አንባቢዬ፣ ይህን ጥያቄ አትናቀው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የገንዘብ ሥርዓት ተዛብቶ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ባደሩ ጊዜ፣ ስለ ነገሩ ያልተወራ አልነበረም፤ ባንኩ ተጠለፈ ያለም ብዙ ነው። ባንኩ ግን ጥቃት እንዳልደረሰበትና ችግሩ የተከሠተው የራሱን ሥርዓት አፕዴት ሲያደርግና ሲፈትሽ መሆኑን አስታወቀ። የወጣውና የተላለፈው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑንም የባንኩ ፕሬዚዳንት ገለጡ። ሌባ ከውጭ ሲፈለግ ምክንያቱ ከቤት ውስጥ፣ ከለውጡ ሥራ መካከል ተገኘ። ስለዚህ ወሬ ከመስማትህ በፊት መዝገብ እይ። ስልክህ መቼ አፕዴት እንዳደረገ በሴቲንግ ውስጥ ተጽፏል። ከአፕዴቱ ማግሥት መዘጋቱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም፤ ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል እንጂ ዶሮው አያነጋውም።

ሁለተኛው ጥያቄ «የሚዘጋው አንድ አፕ ነው ወይስ ብዙ?» የሚል ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው በአፑ ላይ ያርፋል። ብዙዎች ባንድ ጊዜ ከሆኑ ግን አፖቹን አትክሰስ፤ ሁሉም የሚደገፉበት ምሰሶ አለ ማለት ነው። መጋቢት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. በብዙ አገሮች የአንድሮይድ ስልክ የያዙ ሰዎች ጂሜይልና ሌሎችም አፖች እየተዘጉ አስቸገሯቸው። ጥፋቱ የአፖቹ አልነበረም። ዌብቪው የሚባል፣ በየአፑ ውስጥ የድረ ገጽ ጽሑፍ የሚያሳይ የጋራ ክፍል አለ፤ የተበላሸው የዚያ አፕዴት ነበር። ጉግል የታረመውን ቅጂ ሲልክ ሁሉም ዳነ። አፖቻቸውን ባንድ ላይ ያጠፉ ሰዎች በከንቱ ደከሙ። የእኛ ወጣት ስልክ ሲፈተሽ ግን የሚዘጋው መቅጃው ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛው ጥያቄ «በምን ላይ ሲደርስ ይዘጋል?» የሚል ነው። ገና ሲከፈት ነው? ፎቶ ሲነሣ ነው? ፋይል ሲያስቀምጥ ነው? በአንድ ሥራ ላይ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ የዚያን ሥራ ፈቃድ ተመልከት። አንድሮይድ 11 በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሲወጣ አፖች የስልኩን ማኅደር እንደ ልባቸው እንዳይበረብሩ አጥሮአል፤ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አፕም የተሰጠው ፈቃድ እንዲነሣ አድርጓል። የእኛው ግን ገና ሲከፈት ይዘጋል፤ ፈቃዱንም ብናይ ሙሉ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ስለ ቦታ ነው። አፕዴት ራሱ ቦታ ይወስዳል፤ መጻፊያ ቦታ ያጣ አፕ ደግሞ ይወድቃል። የወጣቱን ስልክ ብናይ በፊልም ተጨናንቋል። «ይኸው ተገኘ!» አልሁ በኩራት። ፊልሞቹን ወደ ኮምፒዩተር አዛውረን ስልኩን አጥፍተን አበራነው። መቅጃውን ነካነው፤ ብልጭ ብሎ ተዘጋ። እኔም አፈርሁ። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ የተሳሳተ ግምትም ዋጋ አለው፤ አንድ በር ዘግቶልን የሚቀረውን አሳጥሮልናል። በወረቀቱ ላይ «ቦታ አይደለም» ብዬ ጻፍሁ።

አምስተኛው ጥያቄ «የአፑ ዕድሜ ስንት ነው?» የሚል ነበር። ይህን ስጠይቀው ወጣቱ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ፓኬጅ እንዳይበላብኝ ብዬ አፖች በራሳቸው አፕዴት እንዳያደርጉ ከዘጋሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።» ነገሩ ተገለጠ! ሲስተሙ በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ አዲሱን አውርዶ ይታደሳል፤ አፖቹ ግን የሁለት ዓመት አሮጌ ሆነው ቀርተዋል። ሰርኩላሩ ወጥቷል፤ ጸሐፊው አላነበበውም። በመስከረም 2010 ዓ.ም. አፕል አይኦኤስ 11ን ሲያወጣም ለአሮጌው 32 ቢት አሠራር የተጻፉ አፖች፣ ሠሪዎቻቸው ካላደሱአቸው በቀር፣ በአዲሱ ሲስተም ላይ ጨርሶ መሥራት አቁመው ነበር። የመቅጃውን አዲስ ቅጂ በእኔ ኢንተርኔት አወረድን። ነካነው፤ ተከፈተ። በክፍሌ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ተሰማ፤ በልጅነታቸው ውሃ የሚቀዱበትን ምንጭ ይናገሩ ነበር። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ካዳመጠ በኋላ «እኚህ እናት በሰኔ ዐረፉ» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ጠቅላላው ሥራ የፈጀው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ገንዘብ አላወጣንም፤ ልዩ ዕውቀትም አላስፈለገን። ያስፈለገን ቅደም ተከተል ነው። አንተም ቢደርስብህ እንዲህ አድርግ።

አንደኛ፣ የወጣውን መልእክት ሳትዘጋ ስክሪንሾት አንሣው ወይም ቃል በቃል ጻፈው። «አንድ ነገር ብሎኝ ነበር» የሚል በሽተኛ ሐኪሙን አይረዳውም። ሁለተኛ፣ ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት መገልበጥ የሚቻለውን ሁሉ ገልብጥ። ሦስተኛ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂድ፤ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፣ ቦታ ማስለቀቅ፣ አፑንና ዌብቪውን ማደስ፣ ፈቃዱን ማየት፣ ቀጥሎም ካሹን ማጽዳት። አራተኛ፣ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ አምስት መድኃኒት ባንድነት የዋጠ ሰው ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም።

በካሽና በዳታ መካከል ያለውን ልዩነት በተለይ አስተውል። ሁለቱ በሴቲንግ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ካሽ ማለት አፑ ለፍጥነት ሲል የሚያኖረው ረቂቅ ወረቀት ነው፤ ቢጣል ሌላ ይጽፋል። ዳታ ማለት ግን ዋናው መዝገብ ነው። ዳታውን አጽዳ ያልኸው እንደ ሆነ መልእክቶችህ፣ ማስታወሻዎችህና የሒሳብ መግቢያህ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫንም እንደዚሁ ነው። በአንዳንድ ስልክ «ክሊር ዳታ» በማለት ፈንታ «ክሊር ስቶሬጅ» ተብሎ ስለሚጻፍ ስሙ እንዳያታልልህ።

የስልካቸውን ቀን ዓመተ ምሕረቱን ተከትለው በእጃቸው ለሚሞሉ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። እንዲህ ያደረገ ሰው ስልኩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል። አፖች ከባንክ ወይም ከሌላ አገልግሎት ጋር ሲገናኙ የማንነት ማረጋገጫ ይለዋወጣሉ፤ ማረጋገጫውም የሚጸናበት ቀን አለው። ስልኩ ገና ያልደረሰበትን ቀን የያዘ ማረጋገጫ ሲያይ ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ቀኑና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ተውለት፤ የእኛን አቆጣጠር የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ አፕ ለብቻው አለ።

በመሥሪያ ቤት ዊንዶውስ ኮምፒዩተር ለምትሠሩም መፍትሔው ከዚህ የራቀ አይደለም። በመፈለጊያው ላይ «ሪላያቢሊቲ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብትጽፉ የሪላያቢሊቲ ሞኒተር ሠንጠረዥ ይከፈታል። በየቀኑ የገባውን አፕዴትና የወደቀውን ፕሮግራም አንድ ላይ ያሳያል፤ የወደቀው በቀይ ምልክት ነው። ቀዩ ምልክት አፕዴቱ ከገባበት ቀን ጀምሮ ከሆነ ጥርጣሬህ መሠረት አገኘ፤ ከዚያ በፊትም የነበረ ከሆነ ግን አፕዴቱን ያለ ጥፋቱ ከሰሃል። ገጹን አትመህ ለኮምፒዩተር ክፍሉ ባለሙያ ብትወስድለት፣ «ኮምፒዩተሬ እንቢ አለኝ» ከሚለው አቤቱታ ይልቅ በደስታ ይቀበልሃል።

«እንዲህ ከሆነ አፕዴት ባላደርግስ?» ትለኝ ይሆናል። አይሆንም። አፕዴት ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳም ይደፍናል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን አንድ አደገኛ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አውጥቶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ እየገባ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን አጠቃ፤ የእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎችም ከተጎዱት መካከል ነበሩ። አፕዴቱን በጊዜው ያደረገ ኮምፒዩተር በዚያ ቀዳዳ አልተደፈረም። ስለዚህ አድስ፤ ነገር ግን በፈተና ዋዜማ ወይም ሪፖርት በምታስረክብበት ሌሊት አይሁን። ሲስተሙን ስታድስም አፖቹን አብረህ አድስ።

ከሁሉ በላይ ግን ግልባጭ ይኑርህ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ያለ ግልባጭ ወጪ አይሆንም። ታዲያ ያለ ግልባጭ የማይወጣው ስለ ወንበርና ጠረጴዛ ግዢ የተጻፈው ደብዳቤ ሲሆን፣ የአባትህ ድምፅና የሁለት ዓመት ልፋትህ ለምን በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ይቀመጣል? «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው። እሑድ ግማሽ ሰዓት ቢወስድብህ ነው።

ስልክህን ወደ ጠጋኝ መውሰድም ነውር አይደለም፤ እጃቸው የተባረከ ብዙ ጠጋኞች አሉ። ነገር ግን «ፎርማት ይደረግ?» ተብለህ ስትጠየቅ ቶሎ እሺ አትበል። «ከዚያ በፊት ምን ተሞከረ? ምንስ ይጠፋብኛል?» ብለህ መልሰህ ጠይቅ። እኔ ይህችን ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀርቼ የሰባተኛው አያቴን ስም አጣሁ። ያ ወጣት ግን ጽሑፉን ጨርሶ አንዱን ግልባጭ አምጥቶልኛል።

ለሳምንት በደኅና ያገናኘን።